የውፍረት ቀዶ ሕክምና መመሪያ ከሆስፒታሉ በር ወዲያ

ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቀዶ ሕክምና ለመቀነስ የሚዘጋጁና ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው ሕሙማን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ለመወሰን ሐኪሞች በስፋት ከሚመለከቷቸው ሰነዶች አንዱ የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ ነው። ሰነዱ መጀመሪያ የታተመው በ2008 ሲሆን በ2013 ታድሷል። በ2019 ደግሞ የኢንዶክሪኖሎጂ፣ የውፍረት ሕክምና፣ የባሪያትሪክ ቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ሕክምና ባለሙያዎችን የሚወክሉ አምስት ማኅበራት ዳግመኛ አሻሽለው አቅርበውታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 እትም 85 ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ምክሮችና 858 ዋቢ ጽሑፎች ይገኛሉ። ሰነዱ ሰፊ ነው፤ በጥንቃቄም ተዘጋጅቷል። ሆኖም ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ የሚያናግረው ሐኪም ማን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። አንባቢው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ቡድን አባል ነው፤ የሕመምተኛው መዝገብ በእጁ አለ፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ በአጠገቡ ተቀምጧል፤ ሕመምተኛውም በተቀጠረበት ቀን ይመለሳል። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ሲጎድል መመሪያው ምን ያህል ያገለግላል የሚለው ጥያቄ የዚህ ሂስ መነሻ ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሐኪም ሩቅ ሊመስል ይችላል። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የአገሪቱ ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ግን 8 በመቶ ያህል ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ሆድን ስለሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና መወያየት ቅንጦት ነው የሚል ሐኪም አይጠፋም። ነገር ግን ሕሙማኑ ድንበር ይሻገራሉ። ይህ ቀዶ ሕክምና በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በስፋት ይሠራል፤ እስራኤልም ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር በብዛት ከሚሠሩት አገሮች አንዷ ናት። በእነዚህ ሁሉ አገሮች አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለዘመድ ሠርግ ወይም ለልቅሶ ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። ማስረጃቸው በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በዓረብኛ የተጻፈ ይሆናል፤ አንዳንዴም ምንም አይኖርም። ቀዶ ሕክምና መደረጉን ከቤተሰብ የሚሸሽግም አለ። ያን ጊዜ ለተረኛው ሐኪም የሚቀረው ሰነድ በሆድ ላይ የሚታዩት አራት ወይም አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች ብቻ ናቸው።

ወደ ይዘቱ ሲገባ መመሪያው በአንድ ነገር ሊመሰገን ይገባዋል። የምክሮቹን የማስረጃ ጥንካሬ አልሸሸገም። በ85ቱ ቁጥሮች ሥር ከተዘረዘሩት ምክሮች መካከል ከፍተኛውን ደረጃ፣ ማለትም ደረጃ ኤ ያገኙት 31 ሲሆኑ ከጠቅላላው 13 በመቶ ናቸው። ዝቅተኛውን ደረጃ ዲ ያገኙት ግን 101 ናቸው፤ ይህም 41 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከአሥር ምክሮች አራቱ የሚቆሙት በአብዛኛው በባለሙያዎች ስምምነት ላይ ነው። ችግሩ ይህ አኃዝ በመግቢያው ከተገለጸ በኋላ፣ ምክሮቹ ወደ ማረጋገጫ ቅጽ ሲገለበጡ ሁሉም እኩል ትእዛዝ መስለው መታየታቸው ነው። በየክሊኒኩ የሚነበበው ደግሞ ቅጹ እንጂ መግቢያው አይደለም።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት ዓመታት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቁ የሙያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1954 በሚኒሶታ ይሠሩ የነበሩት ክሬመንና ሊነር የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ምግብ እንዳያልፍበት የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምና ለሙያ ጓደኞቻቸው አስተዋወቁ። ክብደት በእርግጥ ቀነሰ። ሕሙማኑ ከቆሰለው ሆዳቸውም አገገሙ። ከወራትና ከዓመታት በኋላ ግን የጉበት መድከም፣ የኩላሊት ጠጠርና የመገጣጠሚያ ብግነት ተከተሉ፤ አሠራሩም ውሎ አድሮ ተተወ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሜሰንና ኢቶ በአዮዋ የጀመሩት የጨጓራ ባይፓስ የተሻለ ዕድል ያገኘው፣ ሕሙማኑ ከዓመታት በኋላ ሲታዩም ደኅና ሆነው በመገኘታቸው ነው። የቀዶ ሐኪሙን ሥራ የሚፈርደው ሕመምተኛው ከአልጋ የተነሣበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። በስዊድን በ1987 የተጀመረው ትልቁ የክትትል ጥናት 2010 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ወፍራም ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር ቆይቶ፣ በ2020 ባወጣው ዘገባ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል የሚበልጥ ዕድሜ እንዳገኙ አስታውቋል። ያው ዘገባ እነዚሁ ሰዎች ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ 5.5 ዓመት ያህል ያነሰ ዕድሜ እንዳላቸውም ያሳያል። የመጀመሪያው አኃዝ በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ የሁለተኛው ጠቃሽ ግን ጥቂት ነው።

በዝግጅት ረገድ መመሪያው የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ጠንካራ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲጋራ ማቆም፣ የደም ስኳርን ማስተካከል፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥን መመርመር፣ የብረትና የቫይታሚን መጠንን ለክቶ ጉድለቱን አስቀድሞ መሙላት ይገባል። ፈጣን ማገገምን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2021 ያሻሻለው ሌላ መመሪያ በዚህ ላይ ይጨምራል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ ይወሰድ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በስብ ያበጠው ጉበት ይኮማተራል፤ የቀዶ ሐኪሙ መሣሪያም ጨጓራውን በቀላሉ ያገኛል። በእነዚያ ሳምንታት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ መጠኑ ካልተቀነሰለት የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ እንደሚችል ግን ለሕመምተኛው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አለመቅመስ የሚለውም ልማድ በዚሁ መመሪያ ቀርቷል፤ ጠጣር ምግብ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል።

ዝግጅት ማለት ፈተና ማለት ሆኖ ሲተረጎም ግን ነገሩ ይበላሻል። በአሜሪካ አንዳንድ የመድን ድርጅቶች ወጪውን ከመሸፈናቸው በፊት ሕመምተኛው ለሦስት ወይም ለስድስት ወራት በሐኪም ክትትል ክብደት ለመቀነስ እንዲሞክር ያስገድዳሉ። የቀዶ ሐኪሞቹ ማኅበር ይህን ግዴታ የሚደግፍ አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለ ደጋግሞ ገልጿል። ጉበትን ለማሳነስ ሁለት ሳምንት መጾምና ብቁ መሆንን ለማስመስከር ስድስት ወር መጠበቅ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2022 የአሜሪካው ማኅበርና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ቀዶ ሕክምናው የሚፈቀድበትን ወሰን ዝቅ አደረጉት። የክብደትና የቁመት ምጣኔው 35 የደረሰ ሰው ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርበትም ሊታሰብበት ይገባል አሉ፤ ከ1991 ጀምሮ የነበረው ወሰን 40፣ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ደግሞ 35 ነበር። በሩ ሲሰፋ የሚገባው ሰው ይበዛል። ዝግጅቱ ከማጣራት ይልቅ ማስተማር ሊሆን የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ምን መምሰል አለበት? እዚህ ላይ መመሪያው ከሕመምተኛው ማዕድ ርቆ ይቆማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይወሰድ ይላል፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚፈጀውን ዐቢይ ጾምና ሌሎቹን አጽዋማት ሲጾም በዓመት 180 ቀን ያህል ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም። ባይፓስ የተደረገለት ሰው የቀረለት የጨጓራ ከረጢት ከ30 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው፣ 60ውን ግራም ከምስር ብቻ ለማግኘት በቀን ከ650 ግራም በላይ መብላት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ የማይታሰብ ነው። በጾም ሰዓት ውኃ አለመቅመሱ ሲጨመርበትም ፈሳሽን ቀስ በቀስ ቀኑን ሙሉ መጎንጨት ላለበት ሰው አደጋው ድርብ ይሆናል። የረመዳን ጾም ለሚጾመውም እንዲሁ። በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ፈቃዱ ግን ሳይጠየቅ አይገኝም። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉዳዩን አንሥቶ፣ ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር እንዲነጋገር ካላደረገ፣ ውሳኔው በሁዳዴ መካከል በድካምና በማዞር ጊዜ ይወሰናል።

ጾም ሲፈታ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ከበሽታ የተነሣን ሰው የሚያጠናክረው በምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አጥሚት በማር ወይም በስኳር፣ ገንፎ በቅቤ። እናት ወይም አክስት ይህን ይዛ ስትመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ባይፓስ ለተደረገለት ሰው ግን የጣፈጠው አጥሚት ሳይቀልጥ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርድና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብ፣ የልብ ትርታና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። በአንዳንዶች ላይ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከምግብ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ የደም ስኳር መውረድ ይከሰታል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ደግሞ ጣፋጭ ሲሰጠው ለጊዜው ቢሻለውም ዑደቱን ያባብሰዋል። የፈሳሽ፣ የተፈጨና የለሰለሰ ምግብ ደረጃዎችን በሚዘረዝር ወረቀት ላይ አጥሚትና ሽሮ በስማቸው ካልተጻፉ፣ ወረቀቱ ለዚህ ቤተሰብ አልተጻፈም ማለት ነው።

የሆስፒታሉ ቆይታ አሁን አጭር ነው፤ ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይወጣሉ። በ2009 የታተመ የአሜሪካ የብዙ ማዕከላት ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህ ትልቅ ስኬት ነው። ነገር ግን ስኬቱ አደጋውን አላጠፋውም፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወደ ቤትና ወደ ሌላ ሐኪም እጅ አዛውሮታል። ከእነዚህ አደጋዎች ሁሉ በእርግጠኝነት ሊከለከል የሚችለው፣ ሲደርስም ይቅር የማይለው፣ የታያሚን ወይም የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነው።

ከሁለት ወር በፊት በውጭ አገር የጨጓራ ስሊቭ የተሠራላት አንዲት ሴት ወደ አገር ቤት መጥታለች እንበል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታስታውካለች። ሰውነት የሚያከማቸው ታያሚን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነው። ተረኛው ሐኪም ድርቀቷን አይቶ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣታል። ግሉኮስ ለመቃጠል ታያሚን ይፈልጋል፤ የቀረውን ጥቂት ያሟጥጠዋል። በማግስቱ ዓይኖቿ ይርገበገባሉ፣ አካሄዷ ይንገዳገዳል፣ ንግግሯ ይዘባረቃል። የቬርኒኬ የአንጎል ሕመም ይህ ነው፤ ሦስቱም ምልክቶች አብረው የሚታዩት ግን በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ዘግይቶ ከታከመ ዘላቂ የመርሳት ችግር ይተዋል። መከላከያው ግን ርካሽ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነበር። መመሪያው ለሚያስታውክ ሕመምተኛ ታያሚን ከግሉኮስ በፊት እንዲሰጥ፣ እጥረቱ ሲጠረጠርም የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ከፍተኛ መጠን በደም ሥር እንዲጀመር ያዛል፤ በቀን 500 ሚሊ ግራም ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ከዚያ 250፣ ከዚያ በአፍ 100። ትእዛዙ ትክክል ነው። ቦታው ግን ከሌሎች የቫይታሚን ምክሮች ጋር ተደባልቆ በዝርዝሮች መካከል ነው። ስለ ዚንክና ስለ መዳብ ከሚናገሩት መስመሮች እኩል ድምፅ አለው። በአንድ ሌሊት አእምሮን የሚያጠፋ ጉድለትና በዓመታት ደምን የሚያሳንስ ጉድለት እኩል ሊነገሩ አይገባም ነበር።

የሆድ ሕመምም ሌላው ወጥመድ ነው። ባይፓስ የተደረገለት ሰው ክብደቱ ሲቀንስ በአንጀት ማሰሪያው ላይ ያለው ስብ ይሳሳል፤ የተተዉት ክፍተቶች ይሰፋሉ፤ አንጀትም በእነርሱ ሾልኮ ሊታነቅ ይችላል። ሕመሙ ይመጣል ይሄዳል፤ ትውከት ላይኖር ይችላል፤ ተራ ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ይህን ሕመም የጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል አዝዞ መሸኘት አንጀቱን ሊያሳጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ደግሞ ከስፌቱ መፍሰስ መኖሩን የሚያሳውቀው የሆድ መጠንከር ላይሆን ይችላል፤ በወፍራም ሰው ላይ ይህ ምልክት ይሸሸጋል። ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው፤ በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ ሳይወርድ የቆየ ምት ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ በቸልታ አይታለፍም። በዚህ ጊዜ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ በጭፍን መግፋትም ትኩስ ስፌትን ሊበሳ ይችላል።

በመድኃኒት በኩል በኢትዮጵያ ሁኔታ ሦስት ነገሮች ይገዝፋሉ። የመጀመሪያው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ናቸው። መመሪያው እነዚህን ከባይፓስ በኋላ ይከለክላል፤ በመጋጠሚያው ላይ ቁስል ያመጣሉና። በአገር ቤት ግን ለወገብ ሕመም የዲክሎፌናክ መርፌ መውጋት የዕለት ሥራ ነው። ሁለተኛው ዶሉቴግራቪር ነው። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ሰዎች የሚወስዱት ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ ከካልሲየም ወይም ከብረት ጋር ከተወሰደ ከእነርሱ ጋር ተጣብቆ ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል፤ ከእነርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ፣ አለዚያም ከምግብ ጋር አብሮ መወሰድ አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ካልሲየምና ተጨማሪ ብረት ዕድሜ ልኩን የታዘዘለት ሰው የቫይረሱ መጠን ሲያሻቅብ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ዘለለ ብሎ ከመውቀሱ በፊት የሰዓት ሠሌዳውን ሊጠይቅ ይገባል። ሦስተኛው የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ነው። ክብደት ሲቀንስ መካንነት የነበረባት ሴት በድንገት ልታረግዝ ትችላለች፤ መመሪያው ግን እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር እንዲዘገይ ይመክራል። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው መከላከያ በእርግጠኝነት ስለማይሠራ በክንድ የሚቀበረው ወይም በማሕፀን የሚቀመጠው ይመረጣል።

ስለ ነፍስ ጉዳይ መመሪያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሥነ ልቦና ግምገማ ያዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትኩረቱ ግን ይሳሳል። በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የአልኮል ችግር ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ዓመት 7.6 በመቶ እንደነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ግን ወደ 9.6 በመቶ እንዳደገ አሳይቷል። ከባይፓስ በኋላ አንድ ብርሌ ጠጅ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2016 ከካናዳ ኦንታሪዮ የወጣው ጥናት ደግሞ ራስን በመጉዳት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በግማሽ ያህል እንደጨመረ ዘግቧል። ሁለቱም ጉዳዮች የሚብሱት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ፣ ቀጠሮዎች በሚሳሱበትና ዘመድ አዝማድ «እንዴት አማረብሽ» በሚልበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠይቅ ሐኪም የለም።

መመሪያው በሚቀጥለው እድሳት ሌላ መቶ ዋቢ ቢጨምር የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። የሚጎድለው በሕመምተኛው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ለማያውቀው ሐኪም የተጻፈ አንድ ካርድ ነው። በአንድ ገጹ የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና ቀን፣ የቀዶ ሐኪሙ ስልክ፣ የመጨረሻው የደምና የቫይታሚን ምርመራ ውጤት ይጻፍበታል። በሌላው ገጽ፣ ሕመምተኛው በሚሄድበት አገር ቋንቋ፦ ካስታወከ ታያሚን ከግሉኮስ በፊት ይሰጥ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአፍንጫ ቱቦ በጭፍን አይግባ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጡ፤ የሚመላለስ የሆድ ሕመም ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ለቀዶ ሐኪም ይታይ። አብዛኞቹ ምክሮች በሰነዱ ውስጥ ቀድሞውንም አሉ፤ ካርዱን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው እነርሱን ከ85ቱ ቁጥሮች መካከል ለቅሞ ማውጣትና ከመውጫ ወረቀቱ ጋር አያይዞ መስጠት ነው።